ብሎጋችሁ ላይ ፕለጊን ከመጫናችሁ በፊት፦ ምንድነው፣ ምን ያደርጋል፣ እንዴትስ ይመረጣል?

ዎርድፕረስ ላይ ብሎግ የከፈተ ሰው ቶሎ ከሚደርሱት ምክሮች አንዱ «የግድ ሊኖሩህ የሚገቡ 20 ፕለጊኖች» የሚል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ ይጭናል፣ ሁሉም ነጻ ነው ደግሞ፣ ምን ችግር አለው? ከወራት በኋላ ግን ገጹ ለመከፈት ይንቀራፈፋል፣ ዳሽቦርዱ (ብሎጉን የምታስተዳድሩበት ገጽ) «ፕሪሚየሙን ግዙ» በሚሉ ማሳሰቢያዎች ይሞላል፣ የትኛው ፕለጊን ምን እንደሚሰራ ባለቤቱም አያውቀውም። ዝርዝሩ መርዘሙ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፣ ፕለጊን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ሳናውቅ መጫናችን ነው።

እሺ፣ ፕለጊን ምንድነው?

ዎርድፕረስ በ2003 ሲጀመር ጽሁፍ መጻፊያና ማውጫ ነበር፣ ያን ያህል ብዙ ነገር አይሰራም። በ2004 በወጣው 1.2 ስሪት ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተጨመረ፣ ዋናውን ኮድ ሳይነካኩ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ከውጪ አምጥቶ ማያያዝ የሚያስችል አሰራር። ያ ከውጪ የሚመጣው ኮድ ነው ፕለጊን የሚባለው። ዛሬ በዎርድፕረስ ይፋዊ የፕለጊን ማውጫ ላይ በነጻ የሚወርዱት ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ናቸው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። አንባቢ አንድ ጽሁፍ ሲከፍት ዎርድፕረስ ገጹን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ደረጃ በደረጃ ያዘጋጃል፣ ጽሁፉን ከዳታቤዝ ያወጣል፣ ርዕሱን ያስቀምጣል፣ ኮሜንቶቹን ይደረድራል። በየደረጃው መሃል ቆም ይልና «እዚህ ጋ የሚሰራ ነገር ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቃል እንበል። እነዚህ መቆሚያዎች ሁክ ይባላሉ። አንዱ ፕለጊን አስቀድሞ «ጽሁፉ ሲያልቅ ጥራኝ» ብሎ ተመዝግቧል፣ ተራው ሲደርስ ይጠራል፣ የሼር በተኖቹን ጨምሮ ይመለሳል። ሌላው «ኮሜንት ሲላክ ጥራኝ» ብሏል፣ ስፓም መሆን አለመሆኑን አይቶ ወይ ያሳልፈዋል ወይ ያስቀረዋል። ሀሳቡ በቃ ይሄ ነው። ከትንሿ የማስጌጫ ፕለጊን ጀምሮ ብሎግን ወደ ሙሉ የኦንላይን ሱቅ እስከሚቀይረው ውኮሜርስ ድረስ ሁሉም የሚሰሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን የሚሆነው ሆስቲንግ፣ ማለትም ብሎጉ የሚቀመጥበትን የሰርቨር ቦታ፣ ተከራይታችሁ ዎርድፕረሱን ራሳችሁ ከጫናችሁት ነው። ዎርድፕረስ ዶት ኮም ላይ በነጻው ፕላን የራሳችሁን ፕለጊን መጫን አይቻልም፣ ብሎገርም ጋጄት የሚላቸው ነገሮች አሉት እንጂ እንዲህ አይነት ፕለጊን የለውም። «እኔ ጋ እምቢ አለኝ» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይሄንን አጣሩ።

ከስልክ አፕ በምን ይለያል?

በጣም ይለያል፣ ደግሞም ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ስልክ ላይ አፑ ካሜራ ልጠቀም ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ከከለከላችሁት አይነካም፣ የሌላውን አፕ ፋይልም እንደፈለገ አይከፍትም። ዎርድፕረስ ላይ ይሄ ጥያቄ የለም። አንድ ፕለጊን አክቲቬት ከተደረገ ዎርድፕረስ ራሱ ማድረግ የሚችለውን በሙሉ ማድረግ ይችላል፣ ዳታቤዙን ያነባል፣ ጽሁፍ ይቀይራል፣ አዲስ አድሚን ይፈጥራል፣ መረጃ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል። ገጹ ላይ ኮከብ የምታዘንብ ትንሽዬ ማስጌጫም ብትሆን ስልጣኗ ያው ነው። አምፖል እንዲቀይር ለጠራችሁት ሰው የቤቱን ቁልፍ በሙሉ አስረክባችሁ እንደመሄድ ነው፣ ሰውየው ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውም ጨዋ ነው፣ ግን ቁልፉ እሱ ጋ ነው ያለው፣ ነገ ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል።

መሸጥ ስል ለማጋነን አይደለም። ዲስፕሌይ ዊጄትስ የሚባል ፕለጊን ነበር፣ ስራው የጎን ሳጥኖች በየትኛው ገጽ ላይ ይታዩ የሚለውን መወሰን ብቻ፣ ወደ 200 ሺህ ሳይቶች ላይ ተጭኗል። በ2017 የመጀመሪያው ባለቤት ሸጠው፣ አዲሱ ባለቤት ደግሞ በአፕዴት መልክ የተደበቀ ኮድ አስገባበትና በሰዎች ሳይት ላይ የስፓም ጽሁፍ ማውጣት ጀመረ። ብልጠቱ ምን ላይ ነው፣ ሎግኢን ላደረገ ሰው ስፓሙ አይታይም ነበር፣ ስለዚህ ባለቤቱ የራሱን ብሎግ ሲከፍት ሁሉም ሰላም ይመስለዋል። ከማውጫው ሲነሳ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲነሳ ቆይቶ በመጨረሻ ለአንዴና ለሁልጊዜ ተወገደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካፕቻ የሚባል 300 ሺህ ገደማ ሳይት ላይ የነበረ ፕለጊንም ተመሳሳይ ነገር ደረሰበት፣ ባለቤት ተቀየረና የጓሮ በር፣ ማለትም በድብቅ መግቢያ የሚሆን ኮድ፣ ተከፈተበት።

ክፉ ሰው ሳይገባበትም ችግር ይመጣል። በ2020 ደብሊውፒ ፋይል ማኔጀር በሚባለው ከ700 ሺህ በላይ ሳይቶች ላይ በነበረ ፕለጊን ውስጥ በተገኘ ክፍተት ማንም ሰው ሎግኢን ሳያደርግ የራሱን ፋይል ሰርቨሩ ላይ መጫን ይችል ነበር። በ2024 ደግሞ ሪሊ ሲምፕል ሴኩሪቲ፣ አዎ የሴኩሪቲ ፕለጊን ነው፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሳይቶች ላይ ያለው፣ አጥቂ ያለ ፓስወርድ እንዲገባ የሚያደርግ ክፍተት ተገኘበትና አፕዴቱ በግዴታ እንዲጫን ተደረገ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማየት ጥሩ ነው፣ ክፍተት የማይገኝበት ሶፍትዌር የለም፣ ክፍተቱ ሲገኝ ቶሎ የሚዘጋ ሰው ያለውና የሌለው ፕለጊን ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ፕለጊን ስትመርጡ «ምን ይሰራልኛል?» ብቻ ሳይሆን «ከኋላው ማን አለ፣ ነገስ ይኖራል ወይ?» ብላችሁ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

ፕለጊን ሲበዛ ብሎግ ይዘገያል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ቁጥሩ አይደለም የሚያዘገየው፣ እያንዳንዱ የሚሰራው ስራ ነው። ዳሽቦርድ ውስጥ ብቻ የሚሰራ ፕለጊን ለአንባቢው ብዙም አይጨምርበትም፣ ሰላሳ እንኳን ቢኖር። በሌላ በኩል አንድ ብቻውን የሆነ ፕለጊን በየገጹ ዳታቤዙን ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ ከሌላ ሰርቨር ስክሪፕትና ፎንት የሚያመጣ ከሆነ ገጹን ቁጭ ያደርገዋል። ተወዳጅ የሆኑት «ተዛማጅ ጽሁፎች»፣ «በብዛት የተነበቡ»፣ ስላይደርና የገጽ መገንቢያ ፕለጊኖች ብዙ ጊዜ ከከባዶቹ ወገን ናቸው። ኮንታክት ፎርም 7 ደግሞ ቀላል የሚባል ፕለጊን ነው፣ ግን ፎርሙ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ቢሆንም የራሱን ፋይሎች እንዳለ በሁሉም ገጽ ላይ ይጭናል፣ በኮድ ካልከለከላችሁት በስተቀር።

ግምት አያስፈልግም፣ ይለካል። ፕለጊኑን ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጽሁፋችሁን በጉግል ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ለኩ፣ ከጫናችሁ በኋላ ያንኑ ጽሁፍ ደግማችሁ ለኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አትለኩ፣ ውጤቱ በየልኬቱ ስለሚዋዥቅ። ኮዱ ውስጥ ገባ ማለት የሚፈልግ ሰው ኩዌሪ ሞኒተር የሚባል ነጻ ፕለጊን አለ፣ የትኛው ፕለጊን ዳታቤዙን ስንት ጊዜ እንደጠየቀና ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ በስም ያወጣዋል፣ ሰው ፊት ማጋለጥ ነው በቃ። ስራችሁን ስትጨርሱ እሱንም አጥፉት።

ዎርድፕረስ ራሱ የሚሰራውን ነገር ለምን ፕለጊን እጭንለታለሁ?

ጥሩ ጥያቄ፣ ብዙዎቹ «የግድ» ዝርዝሮች ያረጁ ስለሆኑ ነው መልሱ። ፎቶ አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲጫን ማድረግ ድሮ ፕለጊን ይፈልግ ነበር፣ ከ5.5 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ ዎርድፕረስ በራሱ ያደርገዋል። ለሰርች ኢንጂን የሚሆነው ሳይትማፕም በዚያው ስሪት ነው የገባው፣ ፕለጊኖች በራሳቸው አፕዴት እንዲሆኑ ማድረግም እንደዚሁ። ዌብፒ የሚባለውን ቀለል ያለ የፎቶ አይነት አፕሎድ ማድረግ በ2021 በወጣው 5.8 ላይ ተፈቀደ። ሰንጠረዥ፣ በተን፣ ሁለት ዓምድ፣ የፎቶ ጋለሪ ሁሉም አሁን ባለው ኤዲተር ውስጥ አሉ፣ የዩቲዩብ ቪዲዮም ሊንኩን ብቻ ፔስት ስታደርጉት ራሱ ቪዲዮ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዝርዝር ለእነዚህ ነገሮች ፕለጊን ጫኑ የሚል ከሆነ ጸሃፊው ዝርዝሩን ካዘጋጀ በኋላ ተመልሶ አላየውም ማለት ነው።

ታዲያ የትኞቹ ያስፈልጉኛል?

ስሞች እጠራለሁ፣ ግን ስሞቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ፣ ስራው ነው ዋናው።

መጀመሪያ ባክአፕ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት። የዎርድፕረስ ብሎግ ሁለት ክፍል አለው፣ ጽሁፎቻችሁ፣ ኮሜንቶቹና ሴቲንጎቹ ዳታቤዝ ውስጥ ናቸው፣ ፎቶዎቹ፣ ቲሙ (የብሎጉን መልክ የሚወስነው) እና ፕለጊኖቹ ደግሞ እንደ ፋይል የተቀመጡ ናቸው። አንዱን ብቻ የያዘ ባክአፕ ግማሽ ባክአፕ ነው። ደግሞ ባክአፑ እዚያው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። አፕድራፍትፕላስ ለምሳሌ በነጻው ስሪቱ እንኳን ሁለቱንም ክፍል ወስዶ በሰዓቱ ወደ ጉግል ድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ይልካል። ሆስቲንጉ ባክአፕ አለኝ ካለም የራስን መያዝ አይከፋም። ከዛ አንድ ጊዜ ባክአፑን መልሳችሁ ሞክሩት፣ መነሳት አለመነሳቱ ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ኮሜንት ክፍት ከሆነ የስፓም ማጣሪያ ያስፈልጋል። አኪስሜት ከ2005 ጀምሮ ያለ ነው፣ የሚሰራው ኮሜንቱን ወደ ራሱ ሰርቨር ልኮ ከሌሎች ሳይቶች ካየው ስፓም ጋር በማነጻጸር ነው። ለግል ብሎግ ነጻ ነው፣ ብሎጋችሁ ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ክፍያ አለው። ኮሜንቱ ከአንባቢው ኢሜይልና አይፒ አድራሻ ጋር ወደ ውጪ ስለሚሄድ በፕራይቬሲ ገጻችሁ ላይ መጻፍ አለበት። ኮሜንት ከዘጋችሁ ግን ለምን ትይዙታላችሁ፣ አጥፉት።

ካሽ ትንሽ ማብራራት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይጭነዋል ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ከላይ እንዳልኩት ዎርድፕረስ ገጹን አንባቢ በጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ ያዘጋጃል፣ መቶ ሰው ያንኑ ጽሁፍ ቢከፍት መቶ ጊዜ ከዳታቤዝ ያወጣል፣ መቶ ጊዜ ሁክ ሁሉ ይጠራል። ጽሁፉ ግን አልተቀየረም! ካሽ ፕለጊን የመጀመሪያው አንባቢ ሲመጣ የተዘጋጀውን ገጽ እንዳለ ያስቀምጠውና ለቀጣዮቹ ያንኑ ይሰጣል። ፍጥነቱ በግልጽ ይታያል፣ በተለይ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ላለ። ግን የሚያመጣው ግራ መጋባትም ከዚሁ ነው፣ ጽሁፍ አስተካክላችሁ አሮጌው የሚታያችሁ ከሆነ የተቀመጠው ቅጂ ስላልተጸዳ ነው፣ ካሹን አጽዱት። ሁለት የካሽ ፕለጊን አንድ ላይ በፍጹም አትጫኑ፣ ይጣላሉ። ሆስቲንጋችሁ ራሱ ካሽ ካለው ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ መጀመሪያ ጠይቁ። ላይትስፒድ ካሽ የሚባለው ታዋቂው ደግሞ ዋናው የገጽ ካሹ በአብዛኛው የሚሰራው ሰርቨሩ የላይትስፒድ ሶፍትዌር ሲጠቀም ነው፣ እሱ ከሌለ ደብሊውፒ ሱፐር ካሽ አይነት ቀላሉን ማየት ይሻላል።

ኤስኢኦ፣ ማለትም ሰርች ላይ እንድትገኙ የሚረዳው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ተስፋው ከስራው ይበልጣል። ዮስትም ሆነ ራንክ ማዝ የሚያደርጉት ለእያንዳንዱ ጽሁፍ ጉግል ላይ የሚታየውን ርዕስና አጭር መግለጫ እንድትጽፉ፣ ፌስቡክ ላይ ሼር ሲደረግ የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ እንድትመርጡ፣ የማትፈልጉት ገጽ ሰርች ውስጥ እንዳይገባ እንድታደርጉ ነው። ጠቃሚ ነው። ጽሁፋችሁን ገምግሞ የሚያሳያችሁ አረንጓዴው መብራት ግን የፕለጊኑ የራሱ አስተያየት እንጂ የጉግል ውጤት አይደለም፣ አረንጓዴ ለማድረግ ብላችሁ አንዷን ቃል በየአንቀጹ ብትደጋግሙ አንባቢ ነው የሚሸሻችሁ። እዚህም ሁለት ኤስኢኦ ፕለጊን አብሮ አይጫንም፣ ገጹ ስለራሱ ሁለት የተለያየ መግለጫ ማውጣት ይጀምራል።

ፎርም ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ፣ ሰዎች ይጽፉላችኋል እናንተ ግን አይደርሳችሁም። ኮንታክት ፎርም 7 መልዕክቱን በኢሜይል ይልካል እንጂ ብሎጉ ውስጥ አያስቀምጠውም፣ ኢሜይሉ ከተራ ሆስቲንግ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይወድቃል ወይ ጭራሽ አይደርስም። መፍትሄው ኢሜይሉን በእውነተኛ የኢሜይል አካውንት በኩል የሚያሳልፍ የኤስኤምቲፒ ፕለጊን መጨመር ወይም መልዕክቱን ዳታቤዝ ውስጥ ጭምር የሚያስቀምጥ ፎርም መምረጥ ነው። ወይ ደግሞ ኢሜይል አድራሻችሁን ብቻ ጻፉ፣ ለትንሽ ብሎግ ይበቃል።

ሴኩሪቲን በተመለከተ ወርድፌንስ አይነቶቹ ፓስወርድ እየሞከሩ የሚገቡትን ይከለክላሉ፣ የተቀየረ ፋይል ካለ ይነግሯችኋል፣ ሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድ ይጨምራሉ። ግን አፕዴት ያልተደረገ ፕለጊን ላይ የሴኩሪቲ ፕለጊን መደረብ ብዙም አያድንም።

የፕለጊኑን ገጽ ስከፍት ምን ልይ?

በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ ሳጥን ነው ማየት ያለባችሁ፣ መግለጫውን ሳይሆን፣ መግለጫውማ የራሱ ማስታወቂያ ነው። መጨረሻ አፕዴት የተደረገው መቼ ነው? ከመጨረሻዎቹ ሶስት ዋና ዋና የዎርድፕረስ ስሪቶች ጋር ያልተሞከረ ከሆነ ማውጫው ራሱ ከላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣበታል፣ እሱን ካያችሁ እለፉት። ስንት ሳይት ላይ አክቲቭ እንደሆነ ይጻፋል፣ ብዙ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው ግን ዋስትና አይደለም፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ ብዙ ነበራቸው።

ሪቪው ስታነቡ ባለ አምስት ኮከቦቹን ተዉት፣ ባለ አንድና ባለ ሁለት ኮከቦቹን በቅርብ የተጻፉትን አንብቡ። «ከመጨረሻው አፕዴት በኋላ ተበላሸ» የሚል በተከታታይ ካለ ወይም «ነጻ የነበረው አሁን ተከፋይ ሆነ» የሚል ከበዛ ምልክት ነው። ከዛ ሰፖርት የሚለውን ክፈቱ፣ ባለፉት ሁለት ወራት ከተጠየቁት ስንቱ እንደተፈታ ማውጫው ያሳያል፣ ጥያቄ ሁሉ ያለ መልስ ከተደረደረ ቤቱ ባዶ ነው። ቼንጅሎጉንም፣ ማለትም በየስሪቱ የተቀየረው ነገር የሚዘረዘርበትን፣ ተመልከቱ፣ የደራሲው ስም በቅርቡ ከተቀየረ ትንሽ ጠብቁ።

ስለ ክፍያ ደግሞ፣ ፕሪሚየም ፕለጊን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት አፕዴትና ሰፖርት ነው፣ ካላደሳችሁት መስራቱን ይቀጥላል ግን አፕዴት ይቆማል፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ቅናሽ ሳይሆን የእድሳቱን ዋጋ እዩ። «ነልድ» እየተባለ ክራክ ተደርጎ በነጻ የሚታደለውን ግን አትንኩት። ፕሪሚየም ኮድ ክራክ አድርጎ በነጻ የሚያድል ሰው ምን እንደሚጠቀም አስቡት፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው እናንተን ነው፣ ኮዱ ውስጥ የራሱን በር ትቶ።

ሳልፈራ እንዴት ልሞክረው?

አንዳንድ ፕለጊኖች በማውጫው ገጻቸው ላይ ላይቭ ፕሪቪው የሚል በተን አላቸው፣ ስትጫኑት ጊዜያዊ ዎርድፕረስ እዚያው ብራውዘራችሁ ውስጥ ይከፈትና ብሎጋችሁን ሳትነኩ ታዩታላችሁ። ሆስቲንጋችሁ ስቴጂንግ ካለው፣ ማለትም ለሙከራ የሚሆን የብሎጋችሁ ቅጂ፣ እሱ ከሁሉም ይሻላል። ሁለቱም ከሌሉ ባክአፕ ያዙና አንድ ፕለጊን ብቻ ጫኑ፣ አንድ ብቻ፣ ምክንያቱም አምስት አብራችሁ ጭናችሁ አንዱ ሲያበላሽ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ነው የምትሰቃዩት።

ገጹ ነጭ ሆኖ ቢቀርስ? አትደንግጡ። ከ2019 ወዲህ፣ ከ5.2 ስሪት ጀምሮ፣ ፕለጊን ብሎጉን ሲጥለው ዎርድፕረስ ለአድሚኑ ኢሜይል ልዩ ሊንክ ይልካል፣ በሱ ስትገቡ የተበላሸው ፕለጊን ለእናንተ ብቻ ቆሞ ዳሽቦርዱ ይከፈታል። ኢሜይሉ ካልመጣ ደግሞ በሆስቲንጋችሁ ፋይል ማኔጀር ወይም በኤፍቲፒ (የሰርቨሩን ፋይሎች ከኮምፒውተራችሁ የምታገኙበት መንገድ) ገብታችሁ የፕለጊኖቹን ፎልደር ፈልጉና የዚያን ፕለጊን ፎልደር ስም ቀይሩት፣ ዎርድፕረስ ሲያጣው ራሱ ያቆመዋል። ጽሁፋችሁ ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ በዚህ አይጠፋም።

የማልፈልገውን ዲአክቲቬት ካደረግኩት አይበቃም?

አይበቃም። ዲአክቲቬት ማለት ዎርድፕረስ መጥራቱን አቆመ ማለት ነው፣ ፋይሎቹ ግን ሰርቨሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዳንድ ክፍተት ደግሞ ፋይሉ እዚያ መኖሩ ብቻ ይበቃዋል። የማትጠቀሙትን ዲሊት አድርጉት። ከማውጫው ላይ የተዘጋ ፕለጊን እናንተ ጋ መስራቱን እንደሚቀጥልም እወቁ፣ ዳሽቦርዳችሁ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ የያዛችኋቸውን በማውጫው ላይ ፈልጋችሁ አሉ ወይ ብላችሁ እዩ።

ዲሊት ካደረጋችሁ በኋላም ብዙዎቹ ዳታቤዝ ውስጥ ሴቲንጋቸውን ትተው ነው የሚሄዱት። አንዳንዶቹ ሴቲንግ ውስጥ «ስጠፋ ዳታዬም ይጥፋ» የምትል ሳጥን አለቻቸው፣ ከማጥፋታችሁ በፊት እሷን ምልክት አድርጉባት፣ መልሳችሁ የመጫን ሀሳብ ካላችሁ ግን ተዉአት። ጽሁፍ ውስጥ የሚገቡ ፕለጊኖች፣ በተለይ የድሮዎቹ የገጽ መገንቢያዎች፣ ሲነሱ ጽሁፋችሁ መሃል ላይ በቅንፍ የታጠሩ ኮዶች ተርፈው ለአንባቢ ይታያሉ፣ አንድ በአንድ ነው የሚለቀሙት። እንዲህ አይነቱን ፕለጊን ከመጫናችሁ በፊት አንድ የሙከራ ጽሁፍ ስሩበት፣ ዲአክቲቬት አድርጉት፣ ከዛ ጽሁፉን ክፈቱና ምን እንደተረፈ እዩ።